እማማ ሲሳፈሩ ብቻ የሚመጣው ፉጨት

ጋራዥ ስውል ከሁሉ የሚያዝናናኝ፣ ሰዎች የመኪናቸውን ድምፅ በአፋቸው ሲያወጡልኝ ነው። ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው፣ ቢሮው ውስጥ ስንቱን የሚያንቀጠቅጥ፣ እኔ ፊት ቆሞ ጉንጩን ነፍቶ «ሲጢጢጢጥ!» ይላል። ሌላዋ እጇን እያሽከረከረች «ዉዉዉዉ» ትለኛለች። አንዱ ደግሞ የአራቱንም ጎማ ድምፅ ለየብቻ ካላሰማሁ ብሎ የምሳ ሰዓቴን በልቶብኛል። ፊታቸው አልስቅም። ሲሄዱ ግን እስቃለሁ።

ድምፁን ከሰማሁ በሽታውን አውቀዋለሁ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚያድግ፣ መታጠፊያ ላይ ቃናውን የሚለውጥ ጉርምርምታ ከሆነ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው። ጥርስ የሚያንቀጫቅጥ የብረት ፍቅታ ከሆነ የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ባለቤቱም ዛሬ ነገ ሲል ከርሟል ማለት ነው። ቀስ ሲሉ ቀጭ ቀጭ የሚል ደግሞ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ወይም ጎማው ላይ የተሰካ ጠጠር ነው። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ጆሮው» ይለኛል። ስሙን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም። አንዳንዴ መኪናው ገና በር ላይ ሳለ «የኋላ ቀኝ ጎማ!» ብዬ እጮሃለሁ። ሰው አፉን ይዞ ሲደነቅ ማየት ማን ይጠላል?

ይህን የተከበረ ጆሮ ጉድ ያደረገው የሚስቴ አባት መኪና ነው።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መንዳት የተማሩት ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ካለቀ ወዲያ ነው። ትንሽ አሮጌ መኪና ገዙና የሙሽራ ቀሚስ ያህል ይጠነቀቁላት ጀመር። የወንበሯን ልብስ የሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ ስፌቱ ከመኪናዋ ሞተር በላይ ያምራል። እማማ፣ የሚስቴ እናት ማለቴ ነው፣ የጀርባ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ጀምሮ ደግሞ መኪናዋ አንድ ትልቅ ሥራ አገኘች። በየረቡዑ ጠዋት እማማን ለሕክምና ሆስፒታል ታደርሳለች። ቤታቸው ኮረብታው አናት ላይ፣ ሆስፒታሉ ግርጌው ላይ ነው፤ መሃሉ ረጅም ቁልቁለት ነው። እማማ መቀመጥ ስለማይችሉ ከኋላ ወንበር ላይ በትራስ ተደግፈው ይተኛሉ።

አንድ ረቡዕ እኔ ወስጃቸው ነበር። መንገድ ላይ ትንፍሽ አላሉም። ሲወርዱ ግን ፊታቸው ነጥቶ፣ «ተባረክ ልጄ፣ ለሚቀጥለው ሥራህን አትፍታ» አሉኝ። ገባኝ። ታክሲም ተሞክሯል፤ ከዚያ በኋላ ሰንብተው ነው ከአልጋ የተነሱት። እማማ ከባላቸው ሌላ ሰው እንዲነዳቸው አይፈልጉም። አባባም ለታመመች ሚስታቸው ማድረግ የቀራቸው ይኸው ብቻ ነው። ምግቡን ልጃቸው ታበስላለች፣ ቁስሉን ነርሷ ታያለች፣ እሳቸው ይነዳሉ።

አንድ ቀን አባባ ጋራዥ መጡ። ጉንጫቸውን ነፍተው ድምፅ የሚያወጡ ሰው አይደሉም።

«ታፏጫለች» አሉኝ።

«ማን አባባ?»

«መኪናዋ ናታ። ከፊት፣ ጎማው ጋ። ቁልቁለቱ ላይ ታፏጫለች።»

«እስቲ እንዴት አድርጋ?»

ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ከንፈራቸውን አሹለው ቀጭን ፉጨት አሰሙኝ። ወዲያው ኮታቸውን አስተካከሉ። «የምታፏጨው ታዲያ እሷን ስጭን ብቻ ነው» አሉ።

«እማማ ሲኖሩ ብቻ?»

«እሷ ስትኖር ብቻ።»

«እንዴት ይሆናል አባባ? መኪና ሰው አይለይም እኮ!»

«እኔ ምን አውቄ? ጆሮው አንተ አይደለህ እንዴ?»

መኪናዋን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩት። ፀጥ። ወጥቼ ደግሜ ወረድኩት። አሁንም ፀጥ። ጋራዥ መልሼ በክሪክ አነሳኋት፤ ጎማዎቹን በእጄ አሽከረከርኩ፣ ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅኩ። ኩሽኔታው ደህና ነው። የፍሬን ሸራውን ሳልፈታ በቀዳዳው አጮልቄ አየሁት፤ ገና ብዙ ውፍረት አለው። «ምንም የላትም» ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ «ታፏጫለች።» በዚህ ጊዜ እማማ ቤት ቀርተው ሚስቴ አብራቸው ሄደች። አባባ ደግሞ ልጃቸው አጠገባቸው ከተቀመጠች ጎረምሳ ናቸው፤ እየበረሩ ወርደው፣ መንገዱ ሲያልቅ ጥርቅም አድርገው ይዘው ቆሙ። ሚስቴም ምንም ሳትሰማ መጣች።

ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው።

«አባዬ የሌለ ድምፅ እየሰማ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሌላ ሌላውንም አነሳች። ምድጃ ላይ የረሱትን ማንቆርቆሪያ፣ በአክስቷ ስም የጠሯትን ቀን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤቱን ሲያምሱ የዋሉበትን ጠዋት። «የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው እናቴን ጭኖ በዚያ ቁልቁለት አይወርድም።»

እማማ አልጋቸው ላይ ሆነው «እኔም እሰማዋለሁ እኮ» ቢሉ፣ «ማዬ፣ አንቺ የምትወስጂው መድኃኒት በሬ ያስተኛል» አለቻቸው። «ደግሞ መቼ ነው ለአባዬ ሳታግዢ የቀረሽው?»

ቁልፉን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ረቡዕ ጠዋት ትሰጣቸዋለች፣ ሲመለሱ ትቀበላቸዋለች። ይህም ቢሆን በሽተኛ የሚያመላልስ መኪና እስክታገኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአባባ መኪና ትሸጣለች።

ሚስቴ ክፉ እንዳትመስላችሁ። ያን ቀን ልብስ እያጣጠፈች እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል አይቻለሁ። «ሁለቱንም በአንድ ቀን ባጣቸውስ?» አለችኝ። ግን የአባባም ነገር አንጀቴን በላው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቁልፉን ለገዛ ልጃቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚያቀብሏት፤ ጎንበስ ብለው። የሚነጫነጩ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጋራዥ ሆኜ አሰብኩበት። እኔ ያላደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እማማ ተኝተው፣ አባባ ሲነዱ መስማት። ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን «እሷ ስትኖር» እያሉኝ፣ እኔ እሷን ትቼ መኪናዋን ብቻ ስመረምር ከረምኩ። ደንቆሮ ጆሮ!

ረቡዕ ደረሰ። ከፊት ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩና አፌን ዘጋሁ። አባባ እማማን አስተኙ፣ ትራሱን አስተካከሉ፣ ወደ መሪያቸው ሄዱ፣ ተመልሰው ትራሱን ደግመው አስተካከሉ። ሜዳው ላይ መኪናዋ ሰላም ነበረች። ቁልቁለቱ ሲጀምር መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የማያቋርጥ ፉጨት፤ ከፊት፣ በግራ በኩል።

«ይኸው! ሰማኸው?» አሉ እማማ ከኋላ።

«ሰማሁት እማማ።»

«እንግዲያው ለልጄ ንገርልኝ። መድኃኒቱ አይደለም በላት።»

ፍሬን ነው። ግን እኔ ስይዘው ለምን ዝም ይላል? ዓይኔን ወደ አባባ እግር አወረድኩ። ቀኝ እግራቸው ፍሬኑ ላይ ነበር። ረግጠውት አይደለም፣ አሳርፈውት ነው። ተረከዙ መሬት ይዟል፣ ጣቶቹ ፔዳሉን ለስለስ አድርገው ይጫናሉ፤ ትንሽ ላላ፣ ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ። የስፌት መኪና ፔዳል ላይ ሲኖር ዕድሜውን የጨረሰ እግር ነው። ስስ ሐር የሚሰፉ ይመስል፣ ጉድጓዱ ገና ሳይደርስ ይዘው፣ ሲያልፍ በጥቂቱ እየለቀቁ፣ ከኮረብታው አናት እስከ ግርጌው አንዴም ሳያነሱት ወረዱ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔ እንደ መካኒክ ለቅቄ ለቅቄ ድንገት እረግጣለሁ፤ በኃይል የተያዘ ፍሬን ደግሞ አያፏጭም። ከልጃቸው ጋርም እንደዚሁ ነው የነዱት። እግራቸው እንዲህ የሚያርፈው ከኋላ የተኛችው ሚስታቸው እንዳትንገጫገጭ ሲሉ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ያን ሁሉ ቁልቁለት በስሱ ሲታሽ የከረመ ሸራ ይጋላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በስሱ በነኩት ቁጥር ያፏጫል።

ሆስፒታሉ በር ስንደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አባባ ሊያቆሙ ፍሬኑን ሲረግጡ ፔዳሉ ወደ ውስጥ ሰመጠ። አንዴ ሁለቴ መታ መታ አደረጉትና ቆመች።

«እዚህ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ትለሰልሳለች» አሉኝ ዘና ብለው።

ላብ አጠመቀኝ። ሚስቴ የፈራችው ነገር እውነት ነበር፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳተችው። ልጮህባቸው አፌን ስከፍት፣ ነርሷ የኋላውን በር ከፍታ «እንዴት ነበር መንገዱ እናቴ?» ስትል ሰማሁ። እማማም «በጥጥ ጠቅልሎ ነው ያመጣኝ» አሏት። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ሕክምናው እስኪያልቅ ፍሬኑ በረደ፤ መመለሻው ደግሞ ዳገት ነው። እማማን ቤት አስገብተን መኪናዋን ቀስ ብዬ ጋራዥ አወረድኳት። አባባም ተከትለውኝ መጡ። የፊት ጎማዎቹን ፈታሁ፣ ሸራዎቹን አወጣሁ። የሸራዎቹ ፊት መስታወት ሆኗል፤ የፍሬኑ ዲስክ በሙቀት ብዛት ወደ ሰማያዊ ተለውጧል። አንዱን ሸራ ለአባባ ሰጠኋቸው። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ስብሰለሰል፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ሸራው ላይ አሳለፉ፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ ደግመው ዳሰሱት።

«ሱፍ እንዲህ ይሆናል» አሉ። «ካውያ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ካውያው መነሳት ሲገባው ሳይነሳ ሲቀር ነው።» ጎንበስ ብለው ቀኝ እግራቸውን አዩት። «እግሬ ነው አይደል?»

«እግርዎ ነው አባባ።»

«ይቺን ያህል ብቻ እኮ ነው የምነካት።» በሁለት ጣታቸው መሃል ክር የማታሳልፍ ክፍተት አሳዩኝ።

«ይቺን ያህል ነች፤ ግን ከላይ እስከ ታች አያነሷትም። ዛሬ በር ላይ ፔዳሉ ለሰለሰ አላሉኝም? አንድ ቀን ጨርሶ አይዝም።»

ያጋነንኩ መስሏቸው ዓይኔን አዩ። አላጋነንኩም። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እጃቸው ውስጥ ያለውን ሸራ እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። «እኔ እኮ እንዳያማት ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልገድላት ነበር ማለት ነው። ልጄ ልክ ናት። ቁልፉ እሷው ጋ ይቅር፣ መኪናዋም ትሸጥ።»

እዚህ ላይ ቱግ አልኩ። «ይተዉ እንጂ አባባ!» ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ ጮሄባቸው አላውቅም። «ሱቅዎ ውስጥ የመጀመሪያውን ሱፍ ያቃጠሉ ቀን ሱቁን ዘጉት?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

ብዙ አሰቡ። «ካውያውን ማንሳት ተማርኩ» አሉ።

አዲስ ሸራ፣ አዲስ ዲስክ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት አስገባሁ። ለሚስቴም አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ብደብቃት ኖሮ ሸራውን ብቻ ቀይሬ ጀግና እባል ነበር፤ ግን እግሩ ካልተለወጠ አዲሱም ሸራ መቃጠሉ አይቀርም። ስጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ስለዚህ እውነት ያፏጭ ነበር?»

«ያፏጭ ነበር። እናትሽም ልክ ነበሩ።»

«የሚያስፏጨውም አባዬ ራሱ ነው?»

«ራሳቸው ናቸው። ግን ሊማሩ ይችላሉ።»

«በዚህ ዕድሜው?» አለች። ወደ መስኮቱ ዞረች። «አንድ ረቡዕ ብቻ» አለችኝ። «እኔም አብሬ እወርዳለሁ። አንዴ ካፏጨ ግን በቃ፤ ማንም እንዳይለምነኝ።»

እስከ ረቡዕ የቀሩትን ጠዋቶች እኔና አባባ ቁልቁለቱ ላይ አሳለፍናቸው። ዘዴው ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ መኪናዋን ሞተሯ ራሱ ይይዛታል፣ እግርህን ምንጣፉ ላይ ታሳርፋለህ። ፍሬን የሚነካው ግድ ሲሆን ነው፤ ይዘህ ወዲያው ትለቃለህ። ለአባባ ግን እግር ማሳረፍ ማለት ሥራ መፍታት ነው። ገና ሞተሩ ማጓራት ሲጀምር እግራቸው ሳይታዘዝ ተነስቶ ፔዳሉ ላይ ይወጣል። «አባባ፣ ካውያው!» ስላቸው ደንግጠው ያወርዱታል። ትንሽ እንሄድና መልሶ ይወጣል።

እማማ ምን እንደሚሰማቸው ለማወቅ ብዬ እኔ ከኋላ ተኛሁ። ይሄ ሁሉ ቁመና፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ጭንቅላቴን የእማማ ትራስ ላይ አድርጌ። አንዲት ጎረቤት በመስኮት አይታኝ «ውይ በሞትኩት! ጆሮውን ምን ነካው?» ብላ መንገድ አስቆመችን። አባባም ኮስተር ብለው «ጆሮውን አሞት ነው» አሏት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ጋራዥ ድረስ «ተሻለህ ወይ?» እያለ የሚመጣ በዛ። ከዚያ ወንበር ላይ ግን አንድ ነገር ተማርኩ። እያንዳንዷ ድንገተኛ አያያዝ አከርካሪ ውስጥ ትገባለች። እማማ በእኔ አነዳድ ለምን እንደነጡ ጀርባዬ ነገረኝ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ፣ ሞተሯ ብቻ ይዟት ስንወርድ ምንም አልተሰማኝም። ቀና ብዬ አየሁ። የአባባ እግር ምንጣፉ ላይ ነበር። መልሼ ተኛሁ።

ረቡዕ ሚስቴ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአባቷ ሰጠችና ከኋላ ገባች፤ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ከፊት ሆኜ መስኮቱን ከፈትኩና ጆሮዬን አወጣሁ። አባባ ትራሱን ማስተካከል ፈልገው ነበር፤ ትራሱ ልጃቸው ሆና ሲያገኟት ተመለሱ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ሞተሯ አጓራ። እግራቸው ወረደ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ውሻ ገባብን። አባባ አንዴ ያዙ፣ ለቀቁ። እግራቸው ግን ፔዳሉ ላይ ቀረ፤ እንደ ዱሮው ሊያርፍ ሲል አየሁት። ልናገር ብዬ ምላሴን ነከስኩ፤ ሚስቴ ከኋላ ሆና እየሰማች ነው። አባባ ራሳቸው ወደ ታች ተመለከቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ «ካውያው» ያሉ ይመስለኛል። እግሩም ወረደ።

ሆስፒታሉ በር ደረስን። ፍሬኑን ረገጡ፤ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ያዘ። ሞተሩን አጠፉ። ከላይ እስከ ታች አንዲት ፉጨት አልተሰማችም። አባባ ቁልፉን ነቀሉ፣ ወደ ኋላ ዞሩ፣ እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ለልጃቸው ዘረጉላት።

ሚስቴ እጇን አላነሳችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጭኗ አመለከተች። እማማ ተኝተዋል። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ መንገድ ላይ ተኝተው አያውቁም።

የቆምነው ነው መሰለኝ የቀሰቀሳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ምነው? ለምን ቆምን?» አሉ።

«ደርሰናል እኮ» አሏቸው አባባ።

«ምን ደረስን ትለኛለህ? ገና መች አፏጨ?»

ሚስቴ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ እናቷ ግንባር ላይ ወረደ፤ በእጇ ጠረገችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የአባቷን ጣቶች አንድ በአንድ ቁልፉ ላይ አጠፈቻቸው።

«አባዬ፣ ረቡዕን እንዳትረሳ» አለች።

«እሱን ደግሞ መቼ ረስቼ አውቃለሁ?» አሉና ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።